ያልጠፋው በሬ ፍለጋ

ዘመድ ሥራዬን ሲጠይቀኝ «ዲዛይነር ነኝ» እላለሁ። የአጎቴ ባለቤት እትዬ ውዴ ይህን ከሰሙ ጀምሮ የሙሽራ ቀሚስ የምሰፋ ይመስላቸው ነበር። በመጣሁ ቁጥር የጎረቤት ልጆች ሰብስበው ልክ ውሰድላቸው ይሉኛል። እኔ ግን የምሠራው ሌላ ነው። ስልክ ላይ ያለ ቁልፍ የት ቢቀመጥ ለሰው እንደሚመቸው፣ ምን ቢጻፍበት ሰው እንደማይደናገር ሳስብ የምውል ሰው ነኝ። ይህም ሥራ ተብሎ ደመወዝ እንዳለው ለእትዬ ውዴ ከማስረዳት ቀሚሱን መስፋት ሳይቀል አይቀርም።

አዲስ አበባ ያለው ቡድናችን ትንሽ ነው፤ እምነታችን ግን ትልቅ። ትልቅ ነገር እሠራለሁ ብለህ ዓመት አትቀመጥ፤ ትንሽ ሥራና ቶሎ ለሚጠቀምበት ሰው አሳይ፤ ስሕተትህን ከሰውየው ፊት አንብብ፤ አርመህ እንደገና አሳይ፤ የማያስፈልግ ነገር አትጨምር እንላለን። ይህን ለአዲስ ገቢዎች የማስተምረው እኔ ነኝ፤ ሳስተምርም ድምፄ ይወፍራል። የቡድኑ መሪ ሰላም ትባላለች። በዕድሜ ታንሰኛለች፤ በማስተዋል ግን በብዙ ትበልጠኛለች፤ ይህን ያወቅሁት አሁን ነው።

የያዝነው ሥራ «አፋላጊ» ይባል ነበር። ከብት የጠፋበት ሰው ምልክቱን በስልክ ይናገራል፤ ድምፁም በአካባቢው ለተመዘገበ ሰው ሁሉ በጥሪ መልክ ይደርሳል። ማንበብ አይጠይቅም፤ ለሚሰማው ሰው ተራ ስልክ ይበቃዋል። ሐሳቡ የእኔ ነው። ያደግሁት እስቴ፣ መካነ ኢየሱስ ስለሆነ፣ አንዲት ላም ስትጠፋ መንደሩ ሁሉ እንዴት ሥራ እንደሚፈታ አይቻለሁ። የት እንሞክረው ሲባልም ታች ጋይንት፣ አጎቴ አያ ሞላ ዘንድ አልሁ። ሰላም የአካባቢውን ሰው በደንብ ታውቀዋለህ ወይ ብላ ጠየቀችኝ። አገሬ እኮ ነው ብዬ ተቆጣሁ።

የደረስሁበት ሳምንት ዓርብ ከአጎቴ ጋር አርብ ገበያ ወደምትባለው ከተማ ሄድን። ከብት ተራው ዳር ቆሜ ነገሩን ሳስረዳ ሰው ከበበኝ። በቅርቡ ከብት ሲጠፋ ስልካችሁ ይጠራል፣ ቁጥራችሁን ስጡኝ አልሁ። ሰዉም ቁጥሩን የሚሰጠኝ እየመረቀኝ ነው፤ እኔም እዚያው እመዘግበዋለሁ። አንድ ሽማግሌማ እጄን ይዘው፣ የእኛን ችግር አስበህ ከከተማ በመምጣትህ ተባረክ አሉኝ። ያን ምርቃት በማግሥቱ መልሼ ላስረክባቸው ብችል ኖሮ በደስታ ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት አጎቴ በሬዎቻቸውን ነድተው ገብስ ሊወቁ ወደ ወንድማቸው አውድማ ሄዱ። እትዬ ውዴም ውኃ ወርደዋል። ብቻዬን ግቢው ውስጥ ተቀምጬ፣ ለሰው ከማሳየቴ በፊት በራሴ ስልክ ልሞክረው አሰብሁ። ሥራችን ላይ፣ ለሙከራ የሚቀርብ ነገር እውነት ይምሰል የሚል ደንብ አለን። እገሌ እገሌ እያልህ ብትሞክር ሰው የምሩን የሚያደርገውን አታይም። እኔም እውነት አስመሰልሁት። ባለቤቱን አጎቴን አደረግሁ። በሬውን ከራሴ አፈለቅሁት፤ ቀይ፣ ግንባረ ቦቃ፣ ግራ ቀንዱ ወደ ዓይኑ የወረደ። ቀንዱን የጨመርሁት ለማሳመር ነው። ድምፄንም ትንሽ አሳዘንሁት።

«የአያ ሞላ በሬ ጠፍቷል። ቀይ ነው፣ ግንባረ ቦቃ፣ ግራ ቀንዱ ወደ ዓይኑ የወረደ። ያያችሁ አድርሱልን፤ ያላያችሁ ፈልጉልን።»

ላክ የሚለውን ተጫንሁ። ዝም። ኔትወርክ የለም። ደግሜ ተጫንሁ። ከዚያ በኋላ አሳንሰር እንደቀረበት ሰው ቁልፉን ደጋግሜ ደበደብሁት።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልናገር። መልእክቱ ከመሄዱ በፊት «ለሁሉም ሊደርስ ነው፤ ይላክ?» ብሎ የሚጠይቅ ገጽ ነበረው። ያስወጣሁት እኔ ነኝ። ሰላም ይቆይ ብትል፣ በሬ የጠፋበትን ሰው በጥያቄ አናድክመው ብዬ ተከራከርሁ። ለራስ ስልክ ብቻ የሚላክበት የመሞከሪያ መንገድም ለሚቀጥለው ዙር ይደር የተባለው በእኔ አሳብ ነው። በሁለቱም ክርክር ተጨብጭቦልኛል። ያን ጠዋት ግን ይህ ሁሉ ትዝ አላለኝም።

ኔትወርክ ፍለጋ ከቤቱ በላይ ያለው ኮረብታ ላይ ወጣሁ። አናቱ ላይ ስደርስ ስልኬ ጠራ፤ ሳነሳው የራሴ ድምፅ ነው። ይሠራል ብዬ ፈነደቅሁ። ዘጋሁት፤ እንደገና ጠራ። አሁንም እኔው ነኝ። የተጫንሁት ሁሉ ተጠራቅሞ ቆይቶ ኔትወርክ ሲያገኝ ተከታትሎ ወጥቷል። ደስታዬ ቀስ እያለ ቀዘቀዘ። ከዚያ ማዶ ያለው አውድማ ላይ አንድ ሰው ስልኩን ጆሮው ላይ አድርጎ ቆሞ አየሁ። መንሹን ጥሎ ሮጠ። ከሱ በላይ ካለው ቤት ሌላ ሰው ዱላ ይዞ ወጣ። ከወዲህም ከወዲያም ውሾች ይጮሁ ጀመር። የመልእክቱ ተቀባይ እኔ ብቻ እንዳልሆንሁ የገባኝ ያን ጊዜ ነው።

ወደ ቤት ስወርድ ግቢው ሞልቷል። እትዬ ውዴ እንስራቸውን አስቀምጠው ባዶውን በረት እያዩ ያለቅሳሉ። ወዲያው ግን አንድ ነገር ትዝ አላቸውና፣ እኛ መቼ ቀይ በሬ ኖሮን ያውቃል ብለው ጠየቁ። አንዱ ጎረቤት፣ ትናንት ገበያ ወጥተው አልነበር፣ ገዝተው ይሆናል እንጂ አላቸው። እትዬ ውዴ ልቅሷቸውን አቆሙ። ባላቸው ሳይነግሯቸው በሬ ገዝተው፣ ደብቀው አሳድረው፣ በማግሥቱ እንዳጠፉት ሲያስቡ ፊታቸው ተለዋወጠ። አጎቴ ምንም በማያውቁት ነገር በራሳቸው ቤት ጥፋተኛ ሆኑ።

እውነቱን እዚያው መናገር ነበረብኝ፤ ልናገርም አፌን ከፈትሁ። ግን ሰዉ ሁሉ አይዞህ፣ ይገኛል እያለ ያጽናናኝ ጀመር። አንዱ፣ ስልኩ ሲደጋግም ጊዜ ምን ያህል ብትጨነቁ ነው ብዬ ቁርሴን ጥዬ መጣሁ አለኝ። ይህን ሰው ቁርስህን ብላ፣ በሬ የለም ልበለው? አፌን መልሼ ዘጋሁና ስሕተት ሲፈጠር ቶሎ ማረም ነው በሚለው ትምህርቴ ተጽናንቼ ወደ ኮረብታዬ ሮጥሁ። እዚያም ከእውነት ሁሉ አጭር የመሰለኝን ቀዳሁ።

«የአያ ሞላ በሬ ተገኝቷል። ፍለጋው ይቁም። እናመሰግናለን።»

ቀጥዬ ለሰላም ደወልሁ። ከእኔ በፊት እሷ ጀመረች። ከኮምፒውተሯ ላይ ሆና ታየው ኖሯል፤ ሁሉም ሰው ጥሪውን እንዳነሳ፣ ማንም ሳይጨርስ እንዳልዘጋ እየነገረችኝ ደስታዋን አልቻለችውም። ተጠቃሚዎቹ ምን ተሰማቸው ብላ ጠየቀችኝ። ከኮረብታው ቁልቁል አየሁና፣ በጣም ተሰምቷቸዋል አልኋት።

ይህን ስናወራ ወንዙ ዳር የሆነውን የሰማሁት ኋላ ነው። ከገደሉ ማዶ አያ ማረው የሚባሉ ሰው አሉ፤ ቃላቸው ጥቂት፣ ከማንም ጋር ተካሰው የማያውቁ። ሴት ልጃቸውን በጥር ለአያ ደሳለው ልጅ ሊድሩ ሁለቱ ቤቶች ተስማምተዋል። በአገሩ ወግ ሁለቱም ወላጆች ለሙሽሮቹ ጎጆ መውጫ ማጫ ይሰጣሉ፤ አያ ማረውም ለማጫ የሚሆን በሬ ከስማዳ ገዝተው እየነዱ ይመጣሉ። በሬው ቀይ ነው። ግንባሩ ቦቃ ነው። ግራ ቀንዱም ወደ ዓይኑ የወረደ ነው።

ፈላጊዎቹ መሻገሪያው ላይ አገኟቸው። ከፈላጊዎቹ አንዱ አያ ደሳለው፣ የወደፊት አማቻቸው ናቸው። ከየት ያመጡት ነው ተብለው ሲጠየቁ፣ ከስማዳ ገዝቼ አሉ። ማን አይቷል ሲባሉ፣ መጠየቃቸው ራሱ አስከፋቸውና ዝም አሉ። ነገሩ እንዲህ ባለ ሁኔታ እንዳለ የሁሉም ስልክ ባንድነት ጠራ። ሁሉም አነሱ። የአያ ሞላ በሬ ተገኝቷል፣ ፍለጋው ይቁም፣ እናመሰግናለን አልኋቸው። ተገኘ የተባለው ይህ ከፊታቸው የቆመው ነው ብለው እርስ በርስ ተያዩ። አያ ደሳለውም የበሬውን ገመድ ከአያ ማረው እጅ ቀሙ።

እኔ ከኮረብታው ላይ ያየሁት ብዙ ሰው፣ ከፊቱም አንድ ቀይ በሬ ነው። ሲቃረብ ቦቃውን አየሁ። ሲገባ ቀንዱን አየሁ። ከራሴ ያፈለቅሁት በሬ በእግሩ ሲመጣ፣ ለአፍታ አጎቴ በእርግጥ በሬ የጠፋባቸው መሰለኝ። ሰላም አሁንም መስመር ላይ ነበረችና የማየውን ነገርኋት። ደስታዋ ጠፋ። ሰውየው ምን እያደረጉ ነው አለች። መሀል ቆመዋል አልኋት።

«ስልኩን ዝጋና ውረድ» አለችኝ። «ስለ ሥራችን አታስብ። ሂድና ንገራቸው።»

ወረድሁ። አያ ማረው ጋቢያቸውን አጣፍተው፣ መሬት መሬት እያዩ ቆመዋል። ማንም አላሰራቸውም፤ ግን ሰው ሁሉ በዙሪያቸው ነው። ያን ጊዜ የሮጠ ሰው ነግሯቸው ኖሮ አጎቴ ሁለቱን ጥቁር በሬዎቻቸውን እየነዱ ገቡ። ሰዉ ጥቁሮቹን አየ፤ ቀዩን አየ። ይህ የማን ነው አሉ አጎቴ። የአንቱ ነው አሏቸው። የእኔ እኒህ ናቸው፣ ሌላ በሬ የለኝም አሉ። እትዬ ውዴ ትልቅ እፎይታ ተነፈሱ። ከዚያ የጥሪውን ድምፅ ሁሉም ያውቀዋልና የሁሉም ዓይን ወደ እኔ ዞረ።

ተናገርሁ። ለተጠቃሚዎች ልምድ ጥናት የተዘጋጀ የናሙና መልእክት በኔትወርክ መቆራረጥ ሳቢያ ከታሰበለት ክልል ውጭ መሰራጨቱን ገለጽሁ። ይህን ያልሁት አፍሬ ነው፤ ስፈራና ሳፍር አፌ እንደ መግለጫ ይናገራል። ሰዉ በጥሞና ሰማኝ። አያ ደሳለው ገመዱን እንደያዙ፣ ታዲያ በሬው የጠፋው የት ላይ ነው ሲሉ ጠየቁ። በሬ የለም አልሁ። ሁሉም ወደ በሬው ዞረው አዩት። አጎቴ ቀረብ አሉና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ዋሽተህ ነው ወይ አሉኝ። በአዎንታ አንገቴን ነቀነቅሁ። አያ ደሳለው ገመዱን እንደ ጋለ ብረት ለቀው፣ ማንንም ሳያዩ በበሩ ወጡ።

አሁኑኑ ማስተባበያ እልካለሁ ብዬ ስልኬን አወጣሁ። አያ ማረው ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና አሉ።

«ተወው፤ የአንተን ድምፅ ከእንግዲህ ማን ይሰማዋል? በእግርህ ሂድ። በየቤቱ ሂድና ንገር። በሬውንም ይዘህ ሂድ፤ እኔን ባያውቁ እሱን አውቀውታል።»

አጎቴ ልክ ነው አሉና ዱላቸውን ሰጡኝ።

በሬ ጎትታችሁ የማታውቁ ከሆነ፣ በሬው መጎተታችሁን እንዲቀበል መጠየቅ ግድ እንደሆነ ልንገራችሁ። ይህ በሬ አልተቀበለኝም። ወደ ላይ ስል ወደ ታች፣ ልቁም ስል ይሄዳል። የአንዱን ሰው የጤፍ ክምር ቀምሶ፣ ይቅርታ ልጠይቅ በሄድሁበት ቤት ለሌላ ይቅርታ ዳርጎኛል።

መጀመሪያ ያገኘሁት የአንዲት አሮጊት ቤት ነበር። ስለ አፋላጊ፣ ስለ ሙከራ፣ ስለ ቁልፉ በዝርዝር አስረዳኋቸው። እሳቸውም የበሬውን ጀርባ እየደባበሱ፣ እንኳን ተገኘልህ ልጄ አሉኝ። ቀጥሎ ባለው ቤት ቁልፉንና ሙከራውን ተውሁና ከኔትወርኩ ጀመርሁ። ባለቤቱ ስለ ኔትወርክ ብዙ የሚያማርሩት ነበራቸው፤ አብረን ስናማርር ቆይተን፣ የመጣሁበትን ሳልናገር ሸኝተውኛል። ከዚያ ሁሉንም አሳጥሬ፣ በሬው አልጠፋም ነበር ብቻ አልሁ። እዚያ ያገኘሁት ሰው አሰብ አደረጉና፣ እንግዲያ ማረው ሰርቀው ሳይታወቅባቸው ሊመልሱት ነበር ማለት ነው አሉ። እያረምሁት ሰውየውን ይበልጥ ሌባ አደረግኋቸው።

መንገድ ዳር በሬውን አቁሜ ተቀመጥሁ። ሰው የቱ ቃል ላይ እንደሚደናገር ከፊቱ ማንበብ እንጀራዬ ነው። የሁሉም ፊት አንድ ቦታ ላይ ይደናገር ነበር፤ እኔም ያን ቦታ በየቤቱ እየዘለልሁት ነበር። ዱላዬን ይዤ ተነሣሁና ወደሚቀጥለው ደጃፍ ሄድሁ።

«ዋሽቼ ነው» አልሁ። «የጠፋ በሬ አልነበረም። ይህ በሬ የአያ ማረው ነው፤ ከስማዳ ገዝተውት ነው። እሳቸው ሌባ አይደሉም።»

ከዚያ በኋላ ማንም አልተደናገረም። ይህ ግን አልቀለለኝም፤ የተደናገረ ሰው ያዝንልሃል፣ የገባው ሰው ያይሃል። እሑድ ከቅዳሴ መልስ ቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ቆሜ ስናገር፣ ዓርብ የመረቁኝ ሽማግሌ ከሰዉ መሀል ነበሩ። ሲሰሙኝ ቆዩና፣ ለምን አሉ። ክፋት አልነበረባቸውም፤ ማወቅ ፈልገው ነው። መናገር በነበረብኝ ጊዜ ሰው ሲያጽናናኝ ደስ ብሎኝ ነበር ብዬ እንዴት ልመልስላቸው?

መጨረሻ የደረስሁት አያ ደሳለው ቤት ነው። ከቅዳሜ ጀምሮ ከቤት አልወጡም ተባልሁ፤ ባለቤታቸውም ለሰርጉ የጀመሩትን ሥራ አቁመዋል። የማውቀውን ቃል ደገምሁላቸው። ነገሩን ግቢው ውስጥ ሰምተውታል፤ ቢሆንም እስክጨርስ ታገሡኝ።

«የማረውን ስም አንተ አልጠራህም» አሉ። «ገመዱን የቀማኋቸው እኔ ነኝ።»

ነጠላቸውን አደግድገው ተከተሉኝ። በሬውን መሀላችን አድርገን ሄድን። በሬው ያን ቀን ብቻ ቀጥ ብሎ ሄደ። አያ ማረው ደጅ ስንደርስ አያ ደሳለው ጎንበስ ብለው ድንጋይ አነሱና፣ በአገሩ የይቅርታ ወግ ማጅራታቸው ላይ ተሸከሙ። እኔም ጥፋቴን የሚመጥን ስፈልግ ትልቁን አነሣሁ። ስሸከመው ወገቤ እንቢ አለ፤ አጎንብሼ መለመን ሲገባኝ ለመውደቅ እየተንገዳገድሁ ቆምሁ።

አያ ማረው ወጥተው አዩን። ወዲያው ወደ አያ ደሳለው ሄደው ድንጋዩን በእጃቸው አወረዱላቸው። ሁለቱ ትልልቅ ሰዎች ትከሻ ለትከሻ ተሳሳሙ፤ አያ ደሳለው አለቀሱ፤ አያ ማረውም እጃቸውን ይዘው ቆዩ። ሰርጉም በቀኑ እንዲሆን እዚያው ቆመው ተነጋገሩ። የእኔን ድንጋይ ግን የሚያስታውሰው አልነበረም። አያ ማረው የበሬያቸውን አፍ ከፍተው አዩ፣ ኮቴውን አዩ፣ ጎኑን ዳበሱ።

«አንተም አውርድ» አሉኝ ኋላ ላይ። «በሬው ግን ከስቷል።»

በማግሥቱ ወደ አዲስ አበባ ልመለስ ዕቃዬን ስሰበስብ፣ አለሚቱ የምትባል ባሏ የሞተባት የአጎቴ ጎረቤት መጣች። ያላት አንዲት ጥቁር ጊደር ናት፤ ካደረችበት የለችም። ያን ስልክህን አስጩህልኝ አለችኝ። ሰላም አገልግሎቱን ዘግታው ነበር፤ ደውዬ ስነግራት፣ ያስወጣሁትን የ«ይላክ?» ገጽ ራሷ መልሳ አገልግሎቱን ከፈተችልኝ። ችግሩ ድምፁ ነው። ያ ጥሪ እንደገና ቢጮህ፣ አለሚቱ ራሷ ብትናገርም፣ ያ ልጅ ደግሞ ሌላ ነገር ፈጠረ ብሎ ሰው ስልኩን እንደሚዘጋው ሁላችንም አውቀናል። አጎቴ፣ ማረውን ለምናቸው አሉኝ።

ከገደሉ ማዶ እስክደርስ ምን ብዬ እንደምጀምር አላገኘሁም፤ ስደርስም የሴትዮዋን ጊደር መጥፋት ብቻ ነገርኋቸው። አያ ማረው እጃቸውን ለስልኩ ዘረጉ።

«እኔ ማረው ነኝ» አሉ፣ አፋቸውን በጣም አስጠግተው። «የበሬ ሌባ የተባልሁት። የአለሚቱ ጥቁር ጊደር ጠፍታለች፤ ይህ እውነት ነው። ውጡ።»

ከየአቅጣጫው ወጡ። አንድም ሰው ደውሎ እውነት ነው ወይ ብሎ አልጠየቀም። አያ ማረው ስልኬን መለሱልኝና፣ አንተስ ምን ትቆማለህ የሚል ዓይን አሳዩኝ። እኔም ዱላዬን ይዤ ወጣሁ።

ጊደሯ ከሰዓት በኋላ ከወንዙ ማዶ ቁጥቋጦ ውስጥ ተገኘች፤ ያገኛት ሌላ ሰው ነው። ከመገኘቷ በፊት ከማላውቀው ሰው ጋር ቁልቁለቱን እንወርድ ነበር፤ ከሩቅ ቀበሌ መጥቶ ኖሮ እሱም አያውቀኝም። የአያ ማረውን ድምፅ ሲሰማ ሥራውን ጥሎ እንደመጣ ነገረኝ። ጥቂት እንደሄድን ዞር ብሎ አየኝና፣ ለመሆኑ ያ የዋሸው የከተማ ልጅ ምን ደረሰበት አለኝ።

«ጊደር እየፈለገ ነው» አልሁት።